ጳጉሜን የዘለልኩበት ክረምት

የወር ደሞዝተኛ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ጳጉሜን ደሞዝ የላትም። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው እንላለን፣ ደሞዙ ግን አሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ አብዛኞቻችን ጳጉሜን ከሐሳባችን አውጥተን ከነሐሴ በቀጥታ መስከረም ላይ እንወድቃለን። ፍርድ ቤት ግን ጳጉሜን ትቆጠራለች። ይህን የተማርኩት በሕግ ፋኩልቲ ወንበር ላይ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ክረምት፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ አዛውንት ጠበቃ ቢሮ ነው።

ቢሮ ስላችሁ ዛሬ የምታዩት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። አሮጌ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ጣሪያ የነካ የመዝገብ ቁልል፣ በቃ። ጠበቃውን ሁላችንም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው። እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ክረምቱን አብረናቸው እንድንሠራ ፈቀዱልን። ክፍያው የታክሲና የምሳ ነበር። ሥራው ደግሞ ከመዝገብ ቤት ፋይል ማስወጣት፣ የፍርድ ግልባጭ ማስገልበጥ፣ መጥሪያ ማድረስና ቀጠሮ በአጀንዳ ላይ መመዝገብ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የገባኝ ነገር ቢኖር ምንም እንደማላውቅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሕግን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ችሎቱ የሚናገረው በአማርኛ ነው። ጋሼ "እስቲ ይቺን ብይን አንብበህ መቃወሚያው የትኛው እንደሆነ ንገረኝ" ሲሉኝ ላብ አጠመቀኝ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ በጃንጥላ ሥር የጽሕፈት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ከእኔ በብዙ እጥፍ ይሻሉ ነበር።

ይሄ ክፍተት የኔ ብቻ አልነበረም፤ ታሪክ አለው። ዱሮ በአገራችን ሙግት የሚለመደው ችሎት በመዋል ነበር። ባለጉዳዩ ራሱ ይቆማል፣ ካልሆነለት አንደበተ ርቱዕ የሆነ ነገረ ፈጅ ያቆማል። በ"በላ ልበልሃ" ወግ ሲሟገቱ ሕዝቡ ከቦ ያዳምጣል። መንገደኛ እንኳ የእግዜር ዳኛ ተብሎ ይዳኛል። ከዚያ ዙሪያ የቆመ ልጅ የአነጋገሩን ስልት፣ የዋሱን አጠራር፣ የነገሩን አካሄድ በጆሮው እየሰማ ያድጋል። ፍትሐ ነገሥቱ በግዕዝ ሆኖ በሊቃውንቱ እጅ ነው፤ ሙግቱ ግን የአደባባይ ትምህርት ቤት ነበረው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሚኒስቴር የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡም ሕግን ያወቁት በዚሁ በችሎት መንገድ እንጂ በኮሌጅ አልነበረም።

ከዚያ ዘመናዊዎቹ ሕጎች መጡ። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952፣ የወንጀለኛ ሥነ ሥርዓቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. ወጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሕጉ 3367 ቁጥሮች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ቁጥር 3347 ነው፤ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የቀድሞውን ልማድ በአንድ ምት ይሽራል። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ መምህራኑም በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። እናም በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሕጉም ትምህርቱም ከአደባባይ ወደ መጽሐፍ ገባ። እውነቱን ለመናገር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ አልክደውም። ግን ልጁ ከብቦ የሚሰማው ችሎት ሲቀር፣ በምትኩ ምን ተተከለ? ለብዙ ዓመታት መልሱ "እንደ ዕድልህ" ነበር። ደግ ጠበቃ ካገኘህ ትማራለህ፤ ካላገኘህ በደንበኛህ ንብረት ላይ ትለማመዳለህ።

እኔም ልለማመድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከጋሼ ደንበኞች አንዷ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። የባላቸው የበፊት ልጆች "ቤቱ የአባታችን የግል ነው" ብለው ከሰሷቸው። እሳቸው ደግሞ "በትዳር ውስጥ አብረን ጭቃ እየረገጥን የሠራነው ነው" ይላሉ። ሐምሌ 3 ቀን 1990 ዓ.ም. ፍርድ ተሰጠ፣ ተረቱ። ጋሼ ይግባኝ እንላለን አሉና "የይግባኙን የመጨረሻ ቀን መዝግብ" ብለው ለኔ ሰጡኝ። ሕጉ ስድሳ ቀን እንደሚል በቃሌ አውቃለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ስድሳ ቀን ሁለት ወር ነው አልኩና በአጀንዳው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "መስከረም 3" ብዬ ጻፍኩ። ኮራሁም።

ጳጉሜን 2 ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ አጀንዳውን ሲያገላብጡ ድንገት ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንተ ልጅ፣ ጳጉሜን የት ጣልካት?"

መልስ አልነበረኝም። በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ከሐምሌ 3 እስከ ነሐሴ 3 ሠላሳ፣ ከነሐሴ 3 እስከ ጳጉሜን 3 ሠላሳ። ስድሳው የሚሞላው ነገ ነው። እኔ ግን አምስት ቀን አሳልፌ ጽፌያለሁ። "ጋሼ፣ ፍርድ ቤቱ እኮ የክረምት እረፍት ላይ ነው" አልኩ፣ መውጫ ቀዳዳ ፍለጋ። "ልክ ነህ፣ መከራከሪያ ሊሆን ይችላል" አሉኝ፤ "ግን የሴትዮዋ ቤት በመከራከሪያ ላይ አይንጠለጠልም።"

ከዚያ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ገልጠው አሳዩኝ። ጊዜው ያለፈበት ባለጉዳይ በቂ ምክንያት ካለው እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላል፤ የጠበቃው ጥፋት ግን እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። ይህን ቁጥር ከዚያ በፊት አንብቤው አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ስለ ሰው እንደሚያወራ ገባኝ። ጥፋቱ የኔ፣ ቤቱ የእሳቸው ነው።

ያን ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት አመሸን። ጋሼ እየተናገሩ እኔ በጽሕፈት መኪና እመታለሁ፤ ጓደኛዬ ግልባጮቹን በየገጹ ያመሳክራል። በማግስቱ ሩፋኤል ነበር። ልጆች ራቁታቸውን በዝናቡ ሲጠመቁ በመካከላቸው አልፌ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከደረቴ ጋር አጣብቄ ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ አንድ መስኮት ብቻ ነበር የተከፈተው። ማኅተሙ "ጳጉሜን 3" ብሎ ሲያርፍ ያየሁትን ያህል የዲፕሎማዬን ማኅተም እንኳ በደስታ አላየሁትም። ይግባኙ ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ተወሰነና የቤቱ ግማሽ ለሴትየዋ ጸና። እሳቸው እስከ ዛሬ ያቺን ሰኞ አያውቋትም።

ጋሼ አልተቆጡኝም። "ማመልከቻው ላይ ያለው ስም የማን ነው? የኔ። ሳላይ የተውኩት እኔ ነኝ" ብቻ አሉ። እኔን ያሳፈረኝ ይሄ ነው።

ጋሼ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲያርፉ ቢሮውም አብሯቸው ተዘጋ። መዝገቦቹ ለየባለጉዳዩ ተመለሱ፤ የቆጠራው ዘዴ፣ የአጻጻፉ ልምድ፣ ያቺ የቀይ እስክሪብቶ ወግ ግን ለማንም አልተላለፈም። ያኔ ጥብቅና ከግለሰቡ ጋር የተጣበቀ ፈቃድ ነበር። ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ሕግ የፈቀደላቸው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። የሕግ ትምህርቱም በ1998 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደርጎበት ተማሪዎች በፍርድ ቤትና በቢሮ እየተገኙ የሚማሩበት የተግባር ልምምድ ገባበት። ዘግይቷል፣ ግን ደግ ነገር ነው።

ብቻ አንድ ስጋት አለኝ። ድርጅት ሲሰፋ ተማሪው ፎቶ ኮፒ አንሺ ሆኖ ክረምቱን ሊጨርስ ይችላል፤ የምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል፣ ጳጉሜን ግን ሳያገኛት። ልምምድ ማለት የሰው ጉዳይ እጅህ ላይ ሲወድቅ፣ ከጀርባህ ደግሞ የሚያይልህ ሰው ሲኖር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ወይ ተላላኪ ነህ፣ ወይ አደጋ ነህ።

ዛሬ እኔም ጋ የክረምት ተማሪዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ሥራቸው አንድ ነው። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ እሰጣቸውና "ከሐምሌ 3 ስድሳ ቀን ቁጠሩ" እላቸዋለሁ። አብዛኞቹ "መስከረም 3" ይሉኛል። እኔም መነጽሬን አወልቃለሁ።