ጥናቱ ለገደሉ ይሁን፦ የላስታና የደላንታ ዓለት በታሪክ

ስለ ማዕድን በተነሳ ቁጥር ወሬያችን «ስንት ዶላር አስገባ?» ከሚለው አያልፍም። የላስታና የአካባቢው ታሪክ ግን ከዶላሩ የሚቀድም ጥያቄ አለው፦ ዓለቱ ሲቆረጥ ውሃውና የሚወጣው ድንጋይ ወዴት ይሄዳል?

ከላሊበላ እስከ ደላንታ ያለው ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተነባበረ ዓለት ነው። ሰው ይህን ዓለት በብዛት የቆረጠባቸውን ሦስት ጊዜያት እንይ።

የመጀመሪያው የዛግዌ ዘመን ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው ቅዱስ ላሊበላ የሚጠሩት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። በስህተት የተነሳ ድንጋይ ተመልሶ አይለጠፍም። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ነው። በላስታ ክረምት እንዲህ ያለ ጉድጓድ ኩሬ መሆን ነበረበት። ኩሬ ያልሆነው ጠራቢዎቹ የውሃውን መውረጃ አብረው ስላሰቡ ነው። በሁለቱ የአብያተ ክርስቲያናት ምድቦች መካከል የሚያልፈው፣ ዮርዳኖስ የተባለው ቦይም ከዚያው ዓለት የተቆረጠ ነው። ትውፊቱ ንጉሡን መላእክት አገዙት ይላል። መላእክቱም ሰዎቹም ጎርፉን አልረሱም።

ሁለተኛው በ1860 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዋድላና በደላንታ ገደሎች ላይ መንገድ አስቆርጠዋል። ብዙ ሳይቆይ የጄኔራል ናፒየር ጦር በዚያው መንገድ ተጠቅሞ መቅደላ ደረሰ። ዓለቱን የቆረጠው ወገን ሌላ፣ የተጠቀመበት ሌላ ሆነ።

ሦስተኛው የእኛ ዘመን ነው። በ2000 ዓ.ም. በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ተገኘ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ኦፓል የሚታወቀው በሰሜን ሸዋው መዘዞ ነበር። የወሎው ድንጋይ ግን ባጭር ጊዜ የዓለምን ገበያ ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር በምትርቀው ጋሸና አቅራቢያ፣ ስታይሽ በተባለ ቦታ ጥቁር ኦፓል ወጣ።

ኦፓሉ የተኛው በገደሉ ወገብ ላይ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ንብርብር ውስጥ ነው። ወጣቶች ዶማና መዶሻ ይዘው ንብርብሩን እየተከተሉ ገደሉን አግድም ይቦረቡሩታል። ከላይ የተጫነውን ተራራ የሚደግፍ ነገር አያቆሙም። የወጣው አፈርና ድንጋይ ቁልቁል ይደፋል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል። ከሥር የገበሬ ማሳ አለ፤ ከማሳው ሥር በሽሎ፣ ከበሽሎ ቀጥሎ ዓባይ። በ2016 ዓ.ም. በደላንታ አንድ ዋሻ ተደርምሶ 20 ገደማ ወጣቶችን እንደዘጋባቸው ዜናውን ሰምተናል። ዋሻው ውስጥ የሚገባው ወጣት ነው፤ ትልቁን ትርፍ የሚያገኘው ግን ድንጋዩን በጥሬው ገዝቶ ውጭ አገር የሚያስጠርበው ነው። የመቅደላው መንገድ ታሪክ ተደገመ ማለት ይቻላል።

«ታዲያ ይዘጋ?» የሚል ይኖራል። አይዘጋም፤ ማንም ሊዘጋው አይችልም። ኮሮናና ጦርነት የላሊበላን ቱሪዝም ካደረቁት ወዲህ፣ የደጋው መሬትም ለልጅ ልጅ ተሸንሽኖ ካለቀ በኋላ ወጣቱን «ዶማህን ጣል» ማለት «ተራብ» ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ሕጉ በሚያይበት ዓይን ላይ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ለትልልቅ የማዕድን ማውጫዎች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይጠይቃል። ለባህላዊ ማዕድን አውጪ ፈቃድ ግን ይህን ግዴታ አንስቷል። ያነሳበት ምክንያት ይገባል፤ መዶሻ ብቻ ያለውን ወጣት «ጥናት አስጠንተህ ና» ማለት ቀልድ ነው። ነገር ግን አንድ ገደል ላይ መቶ ትንንሽ ጉድጓድ ሲደመር አንድ ትልቅ የማዕድን ማውጫ ይሆናል። ተራራው ሲናድ የፈቃዱን ዓይነት አይጠይቅም።

ስለዚህ ጥናቱ ለሰውየው ሳይሆን ለገደሉ ይደረግ። ወረዳውና ክልሉ ኦፓል የሚወጣበትን እያንዳንዱን ገደል አንድ ጊዜ ያስጠኑ፤ የት መቆፈር እንደሚቻል፣ የት እንደማይቻል፣ አፈሩ የት እንደሚከመር፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ በካርታ ይመልከት። ማኅበራቱ በዚያ ካርታ ይሥሩ። የጥናቱና የድጋፍ ምሰሶው ወጪ ደግሞ ከኦፓሉ ከሚሰበሰበው ገቢ ይሸፈን። ድንጋዩ ቢያንስ የራሱን ዋሻ ምሰሶ መግዛት አያቅተውም።

ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። እዚሁ ደጋ ላይ፣ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት፣ ከብረት መሮ በቀር ብዙ መሣሪያ ያልነበራቸው ሰዎች ዓለቱን ሲቆርጡ የውሃውን መንገድ አብረው ቆርጠዋል።