እቴጌይቱ ያስታምሙ

መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት መኳንንትና የጦር አለቆች በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ላይ የቆረጡት ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ቅጣት አይመስልም። እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን ያንሱ፣ ከእንግዲህ ሹም ሽር ውስጥ አይግቡ፣ የታመሙትን ባለቤታቸውን፣ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክን፣ ግን ያስታምሙ ነው ያሉት። አገሩን የማስተዳደሩ ሥራ በእንደራሴው በራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እጅ ሆነ። የታሪክ መጻሕፍት ቀኑን የሥልጣን መገለባበጥ አድርገው ይዘግቡታል፤ አልተሳሳቱም። ውሳኔው ስለ ማስታመም ያለንን የቆየ እምነት ምን ያህል አጋልጦ እንደሚያሳይ ግን ብዙም አልተነገረም። አእምሮው የደከመ የትዳር ጓደኛውን የሚያስታምም ሰው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ገላውን መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው በእርሱ ፈንታ ማሰብና መወሰን። መኳንንቱ ሁለቱን ለያይተው የመጀመሪያውን ለሚስት ተዉላት፣ ሁለተኛውን ወሰዱ። ልማዳችንም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል። እኔ የምለው፣ ሁለቱ ሥራዎች አይለያዩም፤ ለያይቻለሁ የሚል ሁሉ ታማሚውንም አስታማሚዋንም ይበድላል።

ሕመሙ የጀመረው በ1898 ዓ.ም. ነበር። የንጉሡ የአክስት ልጅ ራስ መኮንን በመጋቢት ወር አረፉ፤ ብዙም ሳይቆይ ዳግማዊ ምኒልክን የመጀመሪያው ስትሮክ መታቸው። ሲያገግሙ በጥቅምት 1900 ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ሕመሙ ግን ተመላለሰባቸው። በግንቦት 1901 የልጃቸው ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ አልጋ ወራሽ መሆናቸው በአዋጅ ተነገረ። በጥቅምት 1902 የደረሰባቸው ምት ደግሞ አካላቸውን አስሮ አንደበታቸውን ዘጋው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረዋል። ይህ ሽባነት እንጂ የመርሳት በሽታ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። ከመቶ ዓመት በኋላ ምርመራ ማዘዝ አይቻልም፤ እኔም የሐኪም ወረቀት ልጽፍላቸው አልተነሣሁም። የተደጋገመ ስትሮክ ግን ዛሬ ዲሜንሺያ ለሚባለው የአእምሮ መድከም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ከአልዛይመር ቀጥሎ የሚቆጠር። የበሽታው ስም ምንም ይሁን ምን፣ አስታማሚ ፊት የሚደቀነው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዛሬ የተናገረው የራሱ ፈቃድ ነው ወይስ የሕመሙ? ከ1898 እስከ 1902 ድረስ ምኒልክ አንድ ሰሞን ይሻላቸው፣ ሌላ ሰሞን ይብስባቸው ነበር። ጨርሶ መናገር ለማይችል ሰው እንደራሴ መሾም ይቻላል። አንዳንዴ ለሚናገር ሰው የሚያስፈልገው ግን ቃሉን የሚለይለት ነው፤ ያንን ደግሞ ከአልጋው አጠገብ ከዋለ ሰው በቀር ማንም አያውቀውም።

በነገራችን ላይ፣ አሎይስ አልዛይመር በጀርመን በቱቢንገን ከተማ በሐኪሞች ፊት ቆሞ በኋላ በስሙ የተጠራውን በሽታ የገለጸው በጥቅምት 1899 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ መጀመሪያ ከታመሙ ወራት ብቻ አልፈው ነበር። የገለጻት ሕመምተኛ አውጉስተ ዴተር ናት፤ ባሏ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቤት ውስጥ አልቻላትም፤ በፈረንጆቹ 1901 በፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። እዚያ ገላውም ውሳኔውም አብረው ወደ ተቋም ሄዱ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ተቋም ገና ስላልነበረ ሁሉም ነገር በቤት ቀረ፤ ቤት ማለት ደግሞ ሚስት ማለት ነው።

የምኒልክ ሕክምና ራሱ የውሳኔ ክምር ነበር። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የወደዱት የፍልውሃ መስክ ላይ ነው፤ በፍል ውሃ መታጠብ ከከተማዋ ጋር የተወለደ ሕክምና ነው ማለት ይቻላል። የደብረ ሊባኖስ ጸበልም አለ፤ ቅዳሴና ጸሎትም አለ። በሌላ በኩል የውጭ አገር ሐኪሞች ከነመድኃኒታቸው፣ አንዳንዶቹም ከነመንግሥታቸው ጉዳይ ጭምር፣ ቤተ መንግሥቱን ይመላለሱበት ነበር። ከጀርመን የመጣ አንድ ሐኪም ንጉሡ እየተመረዙ ነው ብሎ ግቢውን አመሰው። እንግዲህ ማን ይግባ? የማን መድኃኒት ይጠጣ? ምግቡን ማን ይቅመስ? ጸበሉ ይቅደም ወይስ መርፌው? ይህን ሁሉ የሚወስን ሰው አስታማሚ ብቻ ነው፣ ሥልጣን የለውም ቢባል ትርጉም የለውም። የታመመ ንጉሥ ዘንድ የሚገባውን ሰው መምረጥ መንግሥትን መምራት ነው፤ የታመመ ገበሬ ዘንድ የሚገባውን ሰው መምረጥም በመሬቱና በከብቱ ላይ መወሰን ነው።

የመኳንንቱ ክርክር ባዶ አልነበረም፤ ይህን መካድ ታሪኩን ማሳነስ ይሆናል። ጣይቱ ወደ ንጉሡ የሚወስደውን በር ይዘው ነበር፤ በንጉሡ ስም ይሾሙ ይሽሩ ነበር፤ ሹመቱም ወደ ዘመዶቻቸው ያደላ ነበር። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል የየጁ ገዥ ነበሩ፤ የወንድማቸው ልጅ ጉግሣ ወሌ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አግብተዋል። የሸዋ መኳንንት መንግሥቱ በአልጋ ዳር ወደ ሰሜን ሊሻገር ነው ብለው መፍራታቸው ቅዠት አይባልም። አገር ከሕመምተኛ ክፍል አይመራም ማለታቸውም ትክክል ነው። ይህ ክርክር ግን የሚያስረዳው ለመንግሥቱ ሌላ ሰው እንደሚያስፈልግ እንጂ፣ ስለ ምኒልክ ሰውነት፣ ስለ ሕክምናቸው፣ ስለ ክብራቸውና ስለ ሞታቸው የሚወስነውም ሌላ ሰው መሆን እንዳለበት አይደለም። መኳንንቱ የአገሩን ውሳኔ ሲወስዱ የሰውዬውን ውሳኔ አብረው ወሰዱት፤ ልዩነት መኖሩን ልብ ያለ ሰው የነበረም አይመስልም።

ልብ ያላሉትም ልማዱ ስላስተማራቸው ነው። በሰማንያ የተጋባ ይፈታል፤ በቁርባን የተጋባ ግን እስከ ሞት ተሳስሯል። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. የተጋቡት በቁርባን ነበር። ከተራው ሕዝብ ብዙው ግን ሲኖር በሰማንያ ኖሮ የሚቆርበው ሲያረጅ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ እንደ መንፈሳዊ ዝግጅት ብቻ እናየዋለን፤ ሌላም ገጽ አለው። ባልና ሚስት የማይፈታውን ቃል የሚገቡት ሕመም በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃቸው ነው፤ እርጅና ላይ መቁረብ በተግባር ላስታምምህ፣ አስታምሚኝ የሚል ውል ነው። ውሉ ግን ግዴታን እንጂ መብትን አያስከትልም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ርስት በደም ይወርድ ነበር። አባቱን የጦረ ልጅ በኑዛዜ ከወንድሞቹ የተሻለ ድርሻ ሊያገኝ ይችል ነበር፤ ጧሪ ቀባሪ መሆን ዋጋ ነበረው። ባሏን ዓመታት ያስታመመች ሚስት ግን ከርስቱ በደም አትቆጠርም ነበር፤ ባልየው አእምሮው ከደከመ በኋላ ደግሞ ሊናዘዝላት አይችልም፣ ቢናዘዝም ቃሉ አይጸናም ነበር። ስለዚህ ከማንም በላይ የምታውቀው ሰው፣ ከማንም በታች የመናገር መብት ያላት ሆነች።

ታዲያ ሎሌና ገረድ የሞላት እቴጌ ለድኻ ቤት እንዴት ምሳሌ ትሆናለች የሚል ይነሣ ይሆናል። በእርግጥ ጣይቱ ውሃ አልቀዱም፤ እንሥራ የተሸከሙ፣ አንሶላ ያጠቡ እጆች ሌሎች ነበሩ፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎችም ስማቸውን አላቆዩልንም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፣ አልክደውም። ለክርክሬ ግን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። የገላውን ድካም ሁሉ ሎሌ ሲሸከመው የሚተርፈው ምን እንደሆነ በጣይቱ ቤት ጥርት ብሎ ይታያል፤ የሚተርፈው ውሳኔው ነው። በድኻ ቤት ሁለቱ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ተደራርበው ስለሚኖሩ ሁለተኛው አይታይም። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ እንዴት አደረ ብሎ ይጠይቃል፤ ዘንድሮ መሬቱን ለማን አሳረስሽው፣ ዕዳውንስ ምን አደረግሽው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የመኳንንቱ ውሳኔ ያስከተለውን በመጨረሻ ያየነው ምኒልክ ሲሞቱ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ሞታቸው ተደበቀ፤ እንደ ማዕረጋቸው ለቅሶ አልተለቀሰም። ጣይቱ ወዲያው ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ። የመኳንንቱ ፍርድ እርሳቸውን ከቤተ መንግሥቱ ጋር ያሰረው በታማሚው እስትንፋስ ብቻ ስለነበር፣ እስትንፋሱ ሲቆም መቀመጫቸውም ተነሣ። በአገራችን ልማድ አስታማሚ ድካሟ የሚታወቅላት ለቅሶ ላይ ነው፤ እንዴት እንዳስታመመች በሙሾ ይነገርላታል፣ ለቀስተኛው ይመሰክርላታል። ባሏ የሞተው በምስጢር የሆነባት አስታማሚ ግን ይህም አይደርሳትም። ጣይቱ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ኖረው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ አእምሮው የታወከን ሰው ፍርድ ቤት ከሕግ ሥራ እንዲከለክለውና የሚጠብቀው እንዲሾምለት ፈቀደ። ሕጉ ራሱ ጥበቃውን ሁለት አድርጎ ይከፍላል፤ አንዱ ለሰውየው አካልና ኑሮ፣ ሌላው ለንብረቱ። አከፋፈሉ የመኳንንቱን ይመስላል፤ ትልቅ ልዩነት ግን አለው፤ ዳኛ ፊት ቀርባ ሁለቱንም ለእኔ ስጡኝ ብላ የምትከራከርበትን መንገድ ለሚስት ይከፍትላታል። ጣይቱ የሚከራከሩበት ችሎት አልነበራቸውም፤ ፈራጆቹም ተከራካሪዎቹም እነዚያው መኳንንት ነበሩ። ከፍርድ ቤት ይልቅ የቤተ ዘመድ ጉባኤ በሚወስንበት ቤት ሁሉ ዛሬም የሚሆነው ያው ነው፤ ወንድሞችና ልጆች ተቀምጠው ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ ይመክራሉ፣ ሚስት ደግሞ ታማሚውን ብቻውን እንዳትተው ተብላ ከጉባኤው ትቀራለች።