የጌታው አዳራሽና የባሮቹ ክፍል፦ የሴቴፊኔስትሬ ርስት ቁፋሮ

ከሮም ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የቲሬንያን ባሕር ዳርቻ የደረሰ መንገደኛ፣ በአንድ ኮረብታ ራስ ላይ ኮሳ የምትባለውን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ያገኛል። ኮሳ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ273 ዓመት፣ ድል ባደረጉት የኤትሩሪያ ምድር ላይ የቆረቆሯት የሠፈራ ከተማ ነበረች። ከኮረብታው ሥር ተነሥቶ ወደ መሐል አገር የሚዘልቅ ለም ሸለቆ አለ፤ የአገሩ ሰዎች «የወርቅ ሸለቆ» ይሉታል። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ትናንሽ ማማዎች የተደረደሩበት የድንጋይ ግንብ ቆሞ ይታያል። ከሩቅ ሲመለከቱት የከተማ ቅጥር ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን ለጠላት መከላከያ ሳይሆን ለዓይን ተብሎ የተሠራ የአትክልት አጥር መሆኑ ይገለጣል። ባለቤቱ በእርሻው መካከል ትንሽ ከተማ ያለው መስሎ ለመታየት ፈልጎ ነበር። ስፍራው ሴቴፊኔስትሬ ይባላል፤ በኢጣሊያንኛ «ሰባት መስኮቶች» ማለት ነው።

ዛሬ በከተሞቻችን «ቪላ» ስንል የራሱ ግቢ ያለው መኖሪያ ቤት ማለታችን ነው። በሮማውያን ዘንድ ግን ቪላ ከቤት የሰፋ ነገር ነበር። የጌታው አዳራሽ፣ የወይን መጭመቂያው፣ ጎተራው፣ የከብቱ ጋጥና በዚያ ሁሉ ውስጥ የሚሠራው ሰው ተጠቃሎ የሚጠራበት ስም ነው። ይህን የቃል ልዩነት አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ዘመን የቪላ ቁፋሮ ሲባል የመኖሪያው ቁፋሮ ብቻ ነበር። ቆፋሪው በጥቃቅን ባለ ቀለም ድንጋይ የተነጠፈ ወለል፣ ሥዕል ያለበት ግድግዳ ወይም የእብነ በረድ ሐውልት ፍለጋ ይወርዳል፤ ያገኘውን ወደ ቤተ መዘክር ይልካል፤ ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ግን ወይ ሳይነካው ይተወዋል፣ ወይም ከአፈሩ ጋር ጠርጎ ይጥለዋል።

ሴቴፊኔስትሬ ላይ ሥራው የተጀመረው በሌላ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አንድሬያ ካራንዲኒ የተባለው ኢጣሊያዊ የአርኬዎሎጂ ሊቅ፣ ከኢጣሊያና ከእንግሊዝ የተውጣጡ ባለሙያዎችንና ተማሪዎችን አሰልፎ ቁፋሮውን ጀመረ። ሥራው እስከ 1981 ቀጠለ፤ ውጤቱም በ1985 በሦስት ጥራዞች ታትሞ ወጣ። ካራንዲኒ በእነዚያ ዓመታት የማርክስን የታሪክ አተያይ ከሚከተሉት ምሁራን ወገን ስለ ነበረ፣ ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ይኸውም የሮማ ባለጸጎች ሀብት ከማን ጉልበት፣ በምን ዓይነት አሠራር ተገኘ የሚል ነው። ስለዚህም የአፈሩ ንጣፍ እንደ አመጣጡ፣ የመጨረሻው መጀመሪያ እየተነሣ፣ እያንዳንዱ ቁጥርና መግለጫ እየተሰጠው ተቆፈረ። የተሰበረ ሸክላ፣ የአሳማ አጥንትና የተጣለ ጥራጊ ከእብነ በረዱ እኩል ተቆጠረ። ብዙ ወጣት የኢጣሊያ ቆፋሪዎች ሙያቸውን የተማሩት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ቤቱ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጀመሪያው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። በአንድ ወገን የጌታው መኖሪያ አለ፤ ወለሉ በሞዛይክ የተነጠፈ፣ ግድግዳው የሌለውን ዓምድ ያለ፣ የሌለውን በር የተከፈተ በሚያስመስል ሥዕል ያጌጠ ነው። ሠዓሊያን ይህን ቢመለከቱ የእጁን ብልሃት ሳያደንቁ አያልፉም፤ የሠሪው ስም ግን የትም አልተጻፈም። ግድግዳውን አልፎ ሦስት የወይን መጭመቂያና አንድ የወይራ መጭመቂያ ተተክለዋል። የጌታው የመመገቢያ አዳራሽና የመጭመቂያው ግንድ በአንድ ጣራ ሥር ይኖሩ ነበር። ጌታው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ አልነበረም፤ ኑሮው በሮም ነው። በስፍራው ሆኖ የሚያዝዘው ምስለኔ ነበር፤ ምስለኔውም ራሱ ባሪያ ነው።

ስለዚህ አሠራር የጌቶቹን አሳብ ማወቅ አያስቸግርም፤ ጌቶቹ ጽፈውታልና። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ234 እስከ 149 ዓመት የኖረው ካቶ ስለ እርሻ ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ 25 ሄክታር ለሚሆን የወይን እርሻ፣ ማለትም ከአንድ ጋሻ ለሚያንስ መሬት፣ 16 ሰው ያስፈልጋል ይላል። በእግር ብረት ታስሮ ለሚሠራው ባሪያ የሚሰጠውን እንጀራ በክረምት አራት የሮማ ፓውንድ፣ የወይኑ ቁፋሮ ሲጀመር አምስት፣ በለስ ሲበስል መልሶ አራት ያደርገዋል፤ በለሱ ሲበስል ባሪያው በለስ ይበላልና ከእንጀራው ይቀነሳል። አዲስ ልብስ ሲታደል አሮጌው ለድሪቶ እንዲመለስ ያዝዛል። ያረጀ በሬ፣ ያረጀ መሣሪያ፣ ያረጀ ባሪያና የታመመ ባሪያ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ገብተው እንዲሸጡ ይመክራል። ቫሮ ደግሞ በ37 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በጻፈው መጽሐፍ፣ የእርሻ መሣሪያን በሦስት ይከፍላል፦ አንደበት ያለው፣ ድምፅ ብቻ ያለው፣ ዲዳ የሆነው። የመጀመሪያው ባሪያ፣ ሁለተኛው በሬ፣ ሦስተኛው ጋሪ ነው። ቫሮ ይህን ሲጽፍ በቁጣም በጭካኔም አይደለም፤ እንደ መጋዘን ቆጣሪ በተረጋጋ መንፈስ ነው። አንባቢን ይበልጥ የሚያስደነግጠውም ይህ ይመስለኛል።

የርስቱ ጌታ ማን ነበር? ተመራማሪዎች የሚያመለክቱት ሴስቲዩስ የተባለውን የሴናተሮች ቤተሰብ ነው። በኮሳ ወደብ የዚህ ቤተሰብ ስም ምሕጻር የታተመባቸው ባለ ሁለት ጆሮ የወይን ጠጅ ጋኖች በብዛት ተገኝተዋል። ፑብሊዩስ ሴስቲዩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ56 ዓመት በተከሰሰ ጊዜ ሲሴሮ ተከራክሮለታል። ልጁ ሉቺዩስ በ23 ዓመት ቆንሲል ሆነ፤ ገጣሚው ሆራስም ግጥም አበርክቶለታል። እንግዲህ የዚህ ቤተሰብ ስም በፍርድ ቤት ንግግር፣ በሹመት መዝገብ፣ በግጥምና በሸክላ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ቀርቷል። ጋኑን የሞሉት ሰዎች ግን አንዳቸውም በስም አይታወቁም።

ጋኖቹ ሩቅ ተጉዘዋል። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ዣክ ኩስቶና ጓዶቹ በማርሴይ አጠገብ ካለችው ከግራን ኮንግሉዌ ደሴት ሥር የሰመጠ ጭነት ከባሕር ሲያወጡ፣ የሴስቲዩስ ማኅተም ያለባቸው ጋኖች በብዛት ተገኙ። ብዙ ዘመን አንድ መርከብ ነው ሲባል ቆይቶ፣ በኋላ በተለያየ ጊዜ በአንድ ስፍራ የሰመጡ ሁለት መርከቦች መሆናቸው ታወቀ። የጋኖቹ ጭነት ከሴቴፊኔስትሬ ቤት መሠራት የሚቀድም ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ማማ ያለው ግንብ ለሚያሠራ ሁሉ የሚበቃውን ገንዘብ ከየት ይሰበስብ እንደ ነበር ያሳያል። የኢጣሊያ የወይን ጠጅ ወደ እኛም ባሕር ደርሷል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት አንድ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ጉዞ በጻፈው መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል በመጠኑ የሚገባ የኢጣሊያ ወይን ጠጅ አለ። በዞስካሌስ ዘመን በአዱሊስ ገበያ ያን ጠጅ የቀመሰ ሰው ከየትኛው ሸለቆ እንደ መጣ አይጠይቅም።

በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ርስቱ ለውጥ አደረገ። ሌሎች አገሮች፣ በተለይም ጎልና እስፓኝ፣ የራሳቸውን ወይን እያመረቱ የኢጣሊያ ገበያ ጠቦ ነበር። በዚህ ጊዜ በሴቴፊኔስትሬ 27 ክፍሎች ያሉት ትልቅ የአሳማ ማርቢያ ተሠራ። ኮሉሜላ በመጽሐፉ እንዲህ ያለውን ጋጥ ሲገልጽ፣ የእያንዳንዱ እናት አሳማ ክፍል ለብቻው እንዲሆን፣ ደፉም እናቲቱ እንድትሻገረው ግልገሎቹ ግን እንዳይሻገሩት ሆኖ እንዲሠራ ያዝዛል። ቆፋሪዎቹ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ወለሉን ሲመለከቱ ጽሑፉና ድንጋዩ ተስማሙ። ለአሳማዋ እንዲህ ከታሰበላት፣ ለሰውስ ምን ታስቦ ነበር? ያው ኮሉሜላ በብረት ለታሰሩት ባሮች ከምድር በታች ክፍል ይሠራላቸው፣ መስኮቶቹ ጠባቦችና በእጅ የማይደረስባቸው ከፍ ያሉ ይሁኑ ብሏል። በሴቴፊኔስትሬም በግቢ ዙሪያ የተደረደሩ፣ መጠናቸው እኩል፣ ጌጥ የሌላቸው ጠባብ ክፍሎች ተገኝተዋል። ካራንዲኒ የባሮቹ ማደሪያ ናቸው አለ።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። በክፍሎቹ ደጃፍ ይህ የባሪያ ማደሪያ ነው የሚል ጽሑፍ የለም። ጎተራ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ነጻ ቅጥር ሠራተኛም ሊያድርባቸው ይችላል የሚሉ ሊቃውንት ተነሡ፤ ካቶ ራሱ የወይራ ለቀማን በውል ለሌላ ስለ መስጠት ጽፏልና። በሌላ በኩል የዚያን አካባቢ ሸለቆዎች በእግር እየዞሩ የመረመሩ ሰዎች፣ ከትልልቆቹ ርስቶች ጎን የትናንሽ ገበሬዎች ቤቶች ርዝራዥም አግኝተዋል። ጢባርዮስ ግራኩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ137 ዓመት በኤትሩሪያ ሲያልፍ ምድሪቱን የሚሠሩት ከባዕድ የመጡ ባሮች ሆነው እንዳገኛት ፕሉታርክ ይተርካል፤ ነገር ግን የፖለቲካ ሰው በመንገድ ያየው ሁሉ የአገሩ ሙሉ መልክ ነው ማለት አይደለም።

እኔ ካራንዲኒን የምደግፈው በጥያቄው ነው። ያ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ ከአዳራሹ ጀርባ የወረደ ዶማ አይኖርም ነበር። ሆኖም የባሪያ አሳዳሪ ሥርዓት የሚል ትምህርት በእጃችን ስላለ ብቻ ባዶውን ክፍል በባሮች መሙላት አይገባንም። ትምህርቱ የት መቆፈር እንደሚገባ ያመለክታል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን የሚናገር ግን ጉድጓዱ ነው። በትምህርት ቤት የሮማን ታሪክ የሚያስተምሩ መምህራንም ይህን ባሪያ ከጭሰኛ ጋር እንዳያደባልቁት ያስፈልጋል። በሁለተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ትንሹ ፕሊኒ በብረት የታሰረ ባሪያ በርስቱ እንደሌለው ጽፏል፤ መሬቱን ለጭሰኞች ያከራይ ነበር። ሁለቱ አሠራሮች በአንድ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል። ሴቴፊኔስትሬ ግን ከዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ በፊት ባዶ ቀረ።

ለካራንዲኒ ጥያቄ የቀረበ መልስ ከሴቴፊኔስትሬ ርቆ በፖምፔይ አጠገብ ተገኘ። ከከተማይቱ ቅጥር 700 ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በቺቪታ ጁሊያና ያለውን ቪላ፣ ሌቦች ከሥሩ ዋሻ እየቆፈሩ ይዘርፉት ነበር። ዘረፋውን ለማስቆም የፖምፔይ አርኬዎሎጂ ጽሕፈት ቤት ከዐቃቤ ሕግ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ቁፋሮ ጀመረ። በ79 ዓ.ም. ቬሱቪዩስ ሲፈነዳ የወረደው አመድ በእንጨትና በገመድ ዙሪያ ጠንክሯል፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ቅርጹ በአመዱ ውስጥ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ጁሴፔ ፊዮሬሊ በ1863 እንደ ጀመረው፣ በባዶው ውስጥ ጄሶ ሲፈስስበት የጠፋው ዕቃ መልሶ ይታያል።

በ2021 በዚህ መንገድ አንዲት ክፍል ተገለጠች። ስፋቷ 16 ካሬ ሜትር ነው፤ ግድግዳዋ ምንም ሥዕል የለበትም፤ ብርሃን የሚገባው ከላይ ካለች ትንሽ መስኮት ነው። በውስጧ ሦስት በገመድ የተጠለፉ የእንጨት አልጋዎች፣ የእንጨት ሣጥን፣ የሠረገላ ሞፈርና በየጥጉ የተጨናነቁ ጋኖች አሉ፤ የሚያድሩት ሰዎችና የሚቀመጠው ዕቃ አንድ ስፍራ ይጋሩ ነበር። በ2023 ደግሞ ሌላ ክፍል ሲገለጥ፣ ከአልጋዎቹ አንዱ ከሌላው የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ በባሮቹም መካከል መበላለጥ ነበረ ማለት ነው። በክፍሎቹ የብረት ፍርግርግ፣ ቁልፍ ወይም ሰንሰለት አልታየም። ኮሉሜላ የጻፈለት እስር ቤት በዚያ የለም፤ ሰዎቹን ያቆያቸው ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያዋ ክፍል ካሉት ሦስት አልጋዎች ሁለቱ 1.70 ሜትር ርዝመት አላቸው። ሦስተኛው 1.40 ነው፤ የሕፃን አልጋ ይመስላል።