ክር የሚቆጥሩ ጣቶች

ኮምፒዩተር ከሸማኔ ቤት የወጣ ዕቃ ነው ቢባል ብዙ ሰው ይስቃል። ታሪኩ ግን ከዚህ ብዙም አይርቅም። ባዚል ቡሾን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1725 በሊዮን ከተማ በተበሳ ወረቀት እየተመራ የሐር ጨርቅ ጥለት የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ጆሴፍ ማሪ ዣካር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1804 ሐሳቡን ከፍጻሜ አደረሰው። ካርቶኑ በተበሳበት ቦታ የድሩ ክር ይነሣል፤ ባልተበሳበት ባለበት ይቀራል። ቀድሞ ክሩን እየጎተተ ያነሣ የነበረው ረዳት ከዚያ ወዲያ አላስፈለገም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅም ይህንኑ ካርቶን ላሰባት የስሌት መኪና ተዋሰው። እ.ኤ.አ. በ1890 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የተሰላው በተበሳ ካርድ ነበር።

ታዲያ ከቤት የወጣው ልጅ ወደ እኛ ሸማኔ ቤት ቢመለስ ምን ይገጥመው ይሆን? በወዳጄ ኮምፒዩተር፣ የሽመና ንድፍ በሚያወጣ ፕሮግራም ሁለት ምሽት ተቀምጬ፣ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቤቶችን እያጠቆርሁ ለነጠላ የሚሆን ጥለት አወጣሁ። መሐሉ ላይ ክብ አደረግሁበት። ወረቀቱን ይዤ ሽሮ ሜዳ ወደማውቃቸው አንድ አረጋዊ ሸማኔ ሄድሁ።

ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ቆጠሩት። «ይኸ ክር በ12 ድር ላይ ዘሎ ያልፋል። ቀለበት ሲነካው ይመዘዛል፣ ልጄ» አሉኝ። ቢሆንም እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰድደው፣ ባለ ቀለሙን ክር በድሩ መካከል በጣታቸው እየሸጎጡ ሠሩት። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ክቤ ዕንቁላል ሆኖ ጠበቀኝ። በወረቀት ላይ ቁመቱና ወርዱ እኩል ነው፤ በጨርቅ ላይ ግን በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ የሚገቡት ድርና ማግ ቁጥራቸው እኩል አይደለም። ፕሮግራሙ ይህን የሚያውቀው የሚነግረው ሰው ሲያገኝ ነው።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የት ጽፈውት ነው?» ብላቸው፣ «አባቴስ የት ጽፎት ነበር?» ብለው ሳቁ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ አሳውጀዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ጥበብን የሚንቅ የለም፤ በዓል ሲመጣ ሁሉም ይለብሰዋል። ይሁንና ጥለቱ አንዴ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ የትኛውም ፋብሪካ በጨርቅ ላይ ሊያትመው ይችላል፤ የቆጠሩት ጣቶች የማን እንደ ነበሩ ግን አብሮ አይታተምም። ሊዮን ለዣካር ሐውልት አቁማለታለች። ክር ጎታቾቹን ግን በስም የሚያነሣቸው የለም።

ሁለተኛውን ንድፍ አብረን አወጣነው። እሳቸው ቆጠሩ፣ እኔ አጠቆርሁ። ክቡም ክብ ሆነ። ሥራውን ላስቀምጥ ስል ፕሮግራሙ የንድፍ አውጪውን ስም ጠየቀኝ። የእሳቸውን ጻፍሁ።