ቴምር፦ አደራረቁና አቀማመጡ

ቴምር በአገር ውስጥ በተለይ በአፋር፣ አሳይታና አፋምቦ አካባቢ ይመረታል። በረመዳን ደግሞ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ በኒን መስጊድ አካባቢ በእሽግና በኪሎ ይቸበቸባል።

እሸቱ ሲበስልና ሲደርቅ ውሃው ይተናል፤ የስኳሩ ድርሻም ከፍ ይላል። መጅዱል የተባለው ዝርያ በ100 ግራም ውስጥ 21 ግራም ያህል ውሃ፣ 66 ግራም ስኳርና 7 ግራም ፋይበር ይይዛል። ወደ 700 ሚሊግራም የሚጠጋው ፖታስየም በመድረቅ አይጠፋም፤ ቫይታሚን ሲ ግን እምብዛም አይተርፍም።

ሙቀት ባለበት ቦታ ብዙ ከቆየ ፍሬው ይጠቁራል፣ አንቲኦክሲደንቱም ይቀንሳል።

ልጣጩ ላይ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ የረጋ ስኳር ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ሲነከር ይሟሟል። ጠጉር መሰል ሆኖ ከሸተተ ግን ሻጋታ ነውና ይጣላል። በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ እነዚህን ለውጦች ያዘገያል።