እባብ ቆዳውን ስለ መጣሉ፤ ከፊሳልጎስ እስከ ዘመናዊው ምርምር

ፊሳልጎስ የሚባለው የፍጥረታት ጠባይ መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ፍሪትስ ሆመል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ የግዕዙን ጽሑፍ ከነትርጓሜው በላይፕሲግ ያሳተመው በ1877 ዓ.ም. ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ፍጥረት መንፈሳዊ ምሳሌ ስለሚሰጥ፣ ተፈጥሮን ለሚመረምር ሰው የማይጠቅም ተረት ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ስለ እባብ የሚናገረው ክፍል ግን እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

በዚያ ክፍል እንደ ተነገረው፣ እባብ ባረጀ ጊዜ ዓይኑ ይፈዛል፤ ሊታደስ ሲወድም ቆዳው እስኪላላ ድረስ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ይጾማል፤ ከዚያም ጠባብ የዐለት ስንጥቅ ፈልጎ በዚያ ሲሾልክ አሮጌውን ቆዳ ጥሎ ይወጣል። የአርባው ቀን ቍጥር ከወንጌል እንጂ ከእባቡ የተወሰደ አይመስልም። የቀረው ግን በዓይን የታየ ነገር ነው። እባብ ቆዳውን ከመጣሉ አስቀድሞ ዓይኑ በእውነት ይደፈርሳል፤ ብዙ ጊዜም መብል ይተዋል፤ በመጨረሻም አፉን በድንጋይና በእንጨት እያሸ ቆዳውን ከከንፈሩ ጀምሮ ወደ ጅራቱ ይገለብጣል። አርስጣጣሊስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ ነገሩ ከዓይን እንደሚጀምርና የማያውቁ ሰዎች እባቡ የሚታወር እንደሚመስላቸው አስተውሏል።

እንግዲህ የፊሳልጎስ ስሕተት ባየው ነገር ሳይሆን በሰጠው ምክንያት ነው። ቆዳ የሚጣለው በእርጅና ምክንያት አይደለም፤ እንዲያውም ወጣቱ እባብ ፈጥኖ ስለሚያድግ ከሸመገለው ይልቅ ደጋግሞ ይጥላል። የዓይኑም መፍዘዝ ሕመም አይደለም። እባብ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ቅርፊት የቆዳው ክፍል ስለ ሆነ አብሮ ይለወጣል። በአሮጌው ቆዳና ከሥሩ በተሠራው በአዲሱ መካከል ፈሳሽ ሲገባ፣ ያ ቅርፊት ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

አዲሱ ከሥር አስቀድሞ መሠራቱ ለጥንት ሰዎች የተሰወረ ነበር። ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም በ1669 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቢራቢሮው አካል ከአባጨጓሬው ቆዳ ሥር ታጥፎ እንደሚገኝ አስረዳ። ትእዛዙ ከየት እንደሚመጣ ግን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አልታወቀም። ፖላንዳዊው ስቴፋን ኮፔች አንጎላቸው በጊዜ የወጣ አባጨጓሬዎች ወደሚቀጥለው ደረጃ እንደማይለወጡ በ1922 ገለጠ። በ1954 ደግሞ ቡተናንትና ካርልሶን በጎጆአቸው ከተኙ 500 ኪሎ ግራም የሐር ትሎች ቆዳ የሚያስጥለውን ንጥረ ነገር 25 ሚሊ ግራም ብቻ ለይተው አወጡ። ይህ ንጥረ ነገር የነፍሳት እንጂ የእባብ አይደለም፤ ሥርዐቱ ግን ይመሳሰላል።

በዕፅዋትም ዘንድ ቅጠልን የሚያረግፈው ነፋስ ብቻ አይደለም። ሁጎ ፎን ሞል በ1860 እንደ ጻፈው፣ ተክሉ ራሱ በቅጠሉ እግር ላይ መለያ ንጣፍ ይሠራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ነጭ ባሕር ዛፍም ልጡ እየተዘለዘለ ሲወድቅ፣ ለስላሳው አዲስ ልጥ ከሥሩ ተዘጋጅቶ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ፊሳልጎስን በሁሉም ቦታ ማመን አይገባም። ያው መጽሐፍ ስለ ንስር ሲናገር፣ ባረጀ ጊዜ ወደ ፀሐይ ወጥቶ ክንፉን እንደሚያቃጥልና በምንጭ ሦስት ጊዜ ተነክሮ እንደሚታደስ ይተርካል። በዚህ ውስጥ የታየ ነገር የለም። ትልልቆቹ ንስሮች ላባቸውን ጥቂት በጥቂት ይለውጣሉ፤ የክንፋቸው ላባ ሁሉ ተለውጦ እስኪያልቅም ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ መብረራቸውን አይተዉም።