ጉሮሮ ወለድ የልብ ሕመም

በሕመምተኛው ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፤ ሐኪሞችም «አር ኤች ዲ» ይሉታል። ሙሉ ስሙ «ሩማቲክ ሃርት ዲዚዝ» ነው። በአማርኛ የጤና ጽሑፎች «ሩማቲክ የልብ ሕመም» ይባላል፤ ቃል በቃል ልመልሰው ያለ ደግሞ «የቁርጥማት የልብ ሕመም» ይለዋል። የመጀመሪያው ስም የልጇን ካርድ ይዛ ከሐኪም ክፍል ለምትወጣ እናት ምንም አይነግራትም። ሁለተኛው ይነግራታል፤ የሚያስታውሳት ግን ክረምት በመጣ ቁጥር አያቷን የሚጠዘጥዛቸውን ጉልበት ነው።

«ሬውማ» በጥንታዊ ግሪክ «ፍሰት» ማለት ነው። የዚያ ዘመን ሐኪሞች በሰውነት ውስጥ የሚወርድ መጥፎ ፈሳሽ መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ ያሳምማል ብለው ያምኑ ነበር። እምነቱ ከቀረ ቆይቷል፣ ስሙ ግን አልቀረም። እኛም ግሪኮቹ ራሳቸው የተዉትን ግምት ወደ አማርኛ የመመለስ ዕዳ የለብንም።

ስለዚህ እዚህ የማቀርበው ስያሜ «ጉሮሮ ወለድ የልብ ሕመም» የሚል ነው። «ውኃ ወለድ በሽታ» የሚለውን ጆሯችን ስለለመደው አዲሱ ስም ለመያዝ አይከብድም። ይህን በሽታ ከሥሩ ማስቀረት የሚቻለው ገና ጉሮሮ ላይ ሳለ ነውና ስሙም ወደዚያው ቢያመለክት ይበጃል። ከሰው ወደ ሰው የሚጋባው ግን የጉሮሮው ተሕዋስ እንጂ የልቡ ሕመም አይደለም፤ ማንም ከልብ ሕመምተኛ ጋር በልቶ ልቡ አይታመምም።

ነገሩ የሚጀምረው ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ነው። ልጅ ጉሮሮው ይቆስላል፣ ያተኩሰዋል፣ መዋጥ ያቅተዋል፤ በሳምንት ውስጥ ይሻለውና ይረሳል። በአንዳንድ ልጆች ግን የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ሲያሳድድ የራሱን አካል ከጠላት መለየት ያቅተዋል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ይመጣል። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን በየተራ ያብጣሉ፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። አንዳንድ ልጅ ደግሞ እጁና ፊቱ ያለፈቃዱ ይወራጫል፣ እስክሪብቶ መያዝ ያቅተዋል። ይህን የሚያይ ቤተሰብ ቡዳ ነው ወይም መንፈስ ነው ቢል አይፈረድበትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው።

መገጣጠሚያው ምንም ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ልብ ግን እንዲህ አይደለም። በልብ ውስጥ ደሙ ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንዳይሄድ የሚከፈቱና የሚዘጉ አራት በሮች አሉ፤ በሕክምናው አጠራር ቫልቭ ይባላሉ። ትኩሳቱ በተደጋገመ ቁጥር በተለይ ሚትራል የሚባለው የግራ በኩል በር ይቆስላል፣ ይጠነክራል፣ ጠርዙ ይጣበቃል። ዝናብ እንዳበጠው የእንጨት በር ወይ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ወይ ገጥሞ አይዘጋም። ዓመታት ያልፉና ያ ልጅ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ሌሊት በሦስት ትራስ ተደግፎ ይተኛል፣ እግሩ ያብጣል። በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በእርግዝና ወቅት ነው፤ የደሙ መጠን ሲጨምር የተጎዳው በር መሸከም ያቅተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸውና በዓመት ወደ 360 ሺህ የሚሆኑት እንደሚሞቱበት ይገምታል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካም ያውቁት ነበር፤ ቤቱ ሲሰፋ፣ ሕክምናው ሲቀርብ፣ ፔኒሲሊን ሲገኝ ከአብዛኛው ሕዝባቸው ራቀ። የቀረው በጠባብ ክፍል ብዙ ሆነው በሚያድሩ ልጆች ዘንድ ነው።

እንግዲህ ሕክምናውን ከበሽታው መንገድ ጋር አብረን እንየው፤ የባሕሉንም፣ የሐኪም ቤቱንም።

ጉሮሮ ላይ ሳለ ያለው መድኃኒት ርካሽ ነው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል፤ ወይ አንድ መርፌ፣ ወይ ለ10 ቀን የሚዋጥ። በዚሁ ቦታ ላይ ነው እንጥል ቆራጩም የሚጠራው። «እንጥሉ ወርዶበታል» ይባልና ልጁ እንጥሉን ይቆረጣል። ባክቴሪያው ግን ያለው እንጥል ላይ ተንጠልጥሎ አይደለም፤ ቶንሲሉና ጉሮሮው ላይ ነው። ቆርጦ መጣል አንዱንም አያጠፋውም፤ ይልቅ ደም መፍሰስን፣ መመረዝንና ቴታነስን ይጋብዛል። በዚህ ላይ መሐል መንገድ የለኝም፤ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ማር፣ ዝንጅብል፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ሌላ ጉዳይ ናቸው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ትኩስ ነገር ጠጥቶ ማለፍ ያለ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው እነሱን እየሞከርን ዘጠኙ ቀን ሲያልፍ ነው። ንፍጥና ሳል ሳይኖር የሚያተኩስ፣ አንገት ሥር ያለውን ንፍፊት የሚያሳብጥና ሲነኩት የሚያሳምም፣ ቶንሲል ላይ ነጭ ነገር የሚያሳይ ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ ደግሞ ማስታገሻ የማታለል ኃይል አለው። በ1876 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ማክላጋን ከአኻያ ዛፍ ልጥ የሚገኘውን ሳሊሲን ለሩማቲክ ትኩሳት ሕመምተኞች ሰጥቶ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያው ሕመም በፍጥነት እንደሚወርድ አሳተመ። የአስፕሪን ዘመድ ነው፤ ዛሬም ለዚሁ ሕመም አስፕሪን ይታዘዛል። እብጠቱን ያወርዳል፣ የልቡን በር ግን አያድንም። ስለዚህ ወጌሻ ያሸው፣ ቅጠል የተቀባ ወይም ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ የተገዛለት ልጅ «ዳነ» ሲባል፣ ብዙ ጊዜ የዳነው ጉልበቱ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ የባሕሉም የዘመናዊውም ማስታገሻ እኩል ናቸው።

ልቡ ተነክቶ እንደሆነ በልብ ማዳመጫ ብቻ ማወቅ ያስቸግራል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በሞዛምቢክ 2170 ተማሪዎችን መርምሮ፣ በማዳመጫ የተገኙት 5 ሲሆኑ በልብ አልትራሳውንድ የተገኙት 66 ነበሩ። ታዲያ ቀድሞ ማወቁ ምን ይጠቅማል? ኡጋንዳ መልሱን ሰጠች። ምልክት ገና ያልታየባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆነ 818 ልጆች ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተወጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ የባሰባቸው ከተወጉት 3፣ ካልተወጉት 33 ነበሩ። የወር መርፌው ጠባሳ የያዘውን በር አይጠግነውም፤ አዲስ የጉሮሮ ቁስል መጥቶ እንዳይደግመው ግን ይዘጋበታል። ዝቅተኛው ጊዜ አምስት ዓመት ነው፤ በሩ ከተጎዳ እስከ 40 ዓመት ዕድሜ፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ።

መርፌው ያምማል፣ ይፈራልም። ተወግተው ወዲያው የሞቱ ሕመምተኞች ስላሉ መውጋት የሚፈሩ ባለሙያዎች አሉ። ፍርሃቱ ወሬ ብቻ ተብሎ የሚጣል አይደለም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ የበሩ ጉዳት የከበደባቸው ሕመምተኞች ድንገተኛ ሞት ከመድኃኒቱ አለርጂ ይልቅ የተዳከመው ልብ የመርፌውን ሕመምና ድንጋጤ መቋቋም ስለሚያቅተው ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ ለእነዚህ ሰዎች የሚዋጠውን ፔኒሲሊን መርጧል። ለሌሎቹ መርፌው እንዳለ ነው። የትኛው ወገን ውስጥ እንዳሉ ሐኪምን መጠየቅ የሕመምተኛው መብት ነው።

በሩ ከተበላሸ በኋላ ያለው መንገድ ውድ ነው። የጠበበውን በፊኛ ማስፋት ይቻላል፤ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በ1982 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዘዴ ነው፣ ደረት አይከፈትም። ካልሆነ ደረት ተከፍቶ በሩ ይጠገናል ወይም ይለወጣል። በኢትዮጵያ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጠንሳሽነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እስኪከፍት ድረስ ተስፋው ውጭ አገር ነበር። በእስራኤል ሆሎን ከተማ ዶክተር አምራም ኮኸን በ1995 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የተባለው ድርጅትም ከመነሻው ጀምሮ የኢትዮጵያ ልጆችን ሲያክም የኖረ ነው። ሆኖም አንድ ቀዶ ሕክምና በሚፈጀው ገንዘብ ስንት ልጅ ፔኒሲሊን ሊያገኝ እንደሚችል ማስላት ለማንም አይከብድም።

ከብረት የተሠራ በር የገባለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን ይወስዳል፤ ደም በሩ ላይ እንዳይረጋ ነው። አዳዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች ይሻሉ ይሆን ተብሎ፣ ልባቸው ያለሥርዓት የሚመታ ከ4500 በላይ የዚህ በሽታ ሕመምተኞች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንደ ዋርፋሪን ያለው አሮጌው መድኃኒት ከሪቫሮክሳባን የበለጠ ሕይወት እንዳተረፈ አሳየ። እንግዲህ ከዋርፋሪን ጋር መኖር ግድ ነው፤ ዋርፋሪን ደግሞ ከወጥ ቤታችን ጋር ይጣላል። ጎመንና ቆስጣ ያላቸው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሳል። በፍስክ ሥጋ ሲበላ ከርሞ በዐቢይ ጾም በየቀኑ ጎመን የሚበላ ሰው የደሙን መቅጠን የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር ሊወርድ፣ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሊሻቅብ ይችላል። መፍትሔው ጎመንን መተው ሳይሆን ከሳምንት ሳምንት መጠኑን አለማዘበራረቅና በጾም መግቢያና መውጫ መመርመር ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርት አያሰጋም፤ በባዶ ሆድ በብዛት የሚዋጠው፣ እንዲሁም ለመድኃኒትነት የሚጠጣ አብሽ ግን ደም የመፍሰስ አደጋን ሊያባብሱ ይችላሉ። ጎረቤት የሰጠው ዲክሎፌናክም እንደዚያው፤ ከፋርማሲ ስለመጣ ምሕረት አያደርግም።

ዕፅዋትን ንቄ አይደለም። የልብ ድካም ሲመጣ የሚታዘዘው ዲጎክሲን ከዲጂታሊስ ተክል የመጣ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ስለ ተክሉ መጽሐፍ ያሳተመው በ1785 እ.ኤ.አ. ነበር። ጠቃሚው መጠንና የሚገድለው መጠን እጅግ የተቀራረቡ ስለሆኑ ግን ቅጠሉን ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት አይሞከርም።

ስለ ጠበል የምለው አጭር ነው። ለነፍስም ለልብም የሚሰጠውን መጽናናት ሐኪም አይነጥቅም። ሁለት ነገር ግን ያሰጋል፦ መድኃኒት ማቋረጥና፣ ልቡ ለደከመ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር መጠጣት። እግሩ ያበጠና ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል የሚጠጣው በልክ ነው። መንገዱም ተጠርጎልናል፦ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ደግፈዋል። ለልብ መድኃኒት የሚከለክል የተለየ ምክንያት አይታየኝም።

ልጅዎ ጉሮሮውን ታሞ ካተኮሰው ዘጠኙን ቀን አይጠብቁ። የ10 ቀን መድኃኒት ከታዘዘለት በሦስተኛው ቀን ቢሻለውም ያስጨርሱት። የወር መርፌ ካርድ ያለው ሰው ቤትዎ ካለ ደግሞ የሚቀጥለው ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁት።